የሆዳችን ድርና ማግ

ከዓመታት በፊት ናይሮቢ ውስጥ በሐኪም ፊት ላስተረጉምላቸው የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጨጓራ አለብኝ በልልኝ» አሉኝ። ቃል በቃል ብተረጉመው ሐኪሙ «የሌለበት ማን አለ?» ማለቱ አይቀርም። በአማርኛ የአካሉ ስም የበሽታውም ስም ሆኗል፤ ጥፋቱ ደግሞ ዘወትር በበርበሬና በብስጭት ይላከካል።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። የዓለም የሕክምና ሊቃውንትም እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ይመጣል ብለው ያስተምሩ ነበር። ስሕተቱን ያረመው የጨጓራን ግድግዳ አተኩሮ የተመለከተ ዓይን ነው።

ግድግዳውን እንደ ጨርቅ ማየት ያስተማረን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣቪዬ ቢሻ ነው። በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የሰው አካል ከ21 ዓይነት «ቲሹ» መሠራቱን ገለጸ። ቃሉ በፈረንሳይኛ «የተሸመነ» ማለት ነው። ቢሻ ማይክሮስኮፕን ስለማያምን ይህን ሁሉ የለየው በዓይኑና በእጁ ብቻ ነበር፤ በዓመቱም ገና በ30 ዓመቱ አረፈ። እንስሳት ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ጀርመናዊው ሽቫን ያስረዳው ከዚያ በኋላ፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «ኅብረ ሕዋስ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ቢሻ ያልደረሰበትን ዕውቀት ተሸክሟል።

የሽመናው ምሳሌ ግን ዛሬም ይሠራል። ከጉሮሮ በታች ያለው የምግብ ቧንቧ ግድግዳ እንደ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ከውስጥ ስስ ልባስ፣ ቀጥሎ የደም ሥሮች ያሉበት ደጋፊ ሽፋን፣ ከዚያ ምግቡን እየገፋ የሚያወርድ ጡንቻ፣ በመጨረሻም የውጭ መሸፈኛ። የአፍና የጉሮሮ ልባስ የምግብን ፍትጊያ እንዲችል በብዙ ረድፍ በተደራረቡ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ከጨጓራ ጀምሮ ግን ልባሱ አንድ ረድፍ ብቻ ይሆናል። ጨጓራ በገዛ አሲዱ እንዳይበላ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጨውም ይኸው ስስ ረድፍ ነው።

በ1979 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የፐርዝ ከተማ ሐኪም የነበረው ሮቢን ዋረን ከአንድ ሕመምተኛ ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ፣ በዚያ ዝልግልግ ሥር የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን አየ። በአሲድ ውስጥ ተሕዋስያን አይኖሩም ይባል ስለነበር ብዙዎች አላመኑትም። ባልደረባው ባሪ ማርሻል በ1982 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ አራባ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሱ ጠጥቶት ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ይህ ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች የአብዛኛው ቁስለት መንስኤ መሆናቸው ዛሬ የታወቀ ነው፤ ባክቴሪያውም በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል።

እኚያ እናትም ተመርምረው ባክቴሪያው ተገኘባቸው። ውጤቱን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ አልጫ የበላሁት በከንቱ ነው?» አሉኝ። ይህንን እንኳ ለሐኪሙ አልተረጎምኩለትም። በርበሬ የቆሰለ ጨጓራን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሳይመረመሩ በርበሬን ብቻ እየከሰሱ መኖር ግን በሽታውን ከነመንስኤው በሆድ ማቆየት ነው።