ከቅሬ እስከ መድን ውል፡ ጉዳት ሲደርስ ዕዳው የማን ነው?

ከከላላ እስከ መካነ ሰላም ያለው የደጋ ሕዝብ የመድን ድርጅት ሳያውቅ በፊት በራሱ ወግ እርስ በርሱ መድን ሆኖ የኖረ ነው። ቤት ሲቃጠል የቅሬው አባላት እንጨትና ሣር ይዘው ይደርሳሉ። በሬ እግሩ ሲሰበር ታርዶ ሥጋውን ጎረቤት ይከፋፈልና ባለቤቱ ሌላ የሚገዛበትን ገንዘብ ያዋጣለታል። ጉዳት ያደረሰ ሰው ሲኖር ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ይቅር ይባላል። ስለ ተዋጊ በሬ ባለቤት ኃላፊነት ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ይደነግጋል፤ የሰው እርሻ ስለገቡ በጎች ነቢዩ ዳውድና ነቢዩ ሱለይማን ስለሰጡት ፍርድ ቁርኣን ይናገራል። «ያጠፋ ይካስ» ማለት ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንግዳ አይደለም።

በዚህ ልማድ ግን መርዳትና መካስ የተለያዩ ናቸው። ያዋጣው ጎረቤት አጥፊውን «ገንዘቤን መልስ» አይለውም። ሁለቱን ያገናኘው ዘመናዊው የመድን ሕግ ነው።

በአገራችን መድን የተጀመረው በ1898 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን በመሸጡ ነበር። በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ፣ በ2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ፣ በ2081 ደግሞ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ እንዲሆን ደነገገ። የንግድ ሕጉ ቁጥር 683 በበኩሉ ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ፣ በከፈለው መጠን፣ በተጎጂው እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን እንዲጠይቅ ፈቀደ። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን የመዳረግ መብት ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 86 የግል ኩባንያዎች እንዲገቡ በር ከፈተ። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 የሦስተኛ ወገን መድን ለባለ ተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም ሲሻሻል እንኳ የመድኑ ክፍል የ1952ቱ እንዳለ ቀርቷል።

ይህ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ይፈይዳል? በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እና እርሱን በተካው 985/2009 የተደራጁት ማኅበራትና ዩኒየኖች ዛሬ የአባላት ንብረት የሆነ መጋዘን፣ ማዳበሪያ፣ እህልና የጭነት መኪና ያስተዳድራሉ። ለምሳሌ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ የሌላ ሰው መኪና የዩኒየን መኪና ገጭቶ 200,000 ብር ጉዳት አደረሰ እንበል። በውሉ መሠረት መድን ሰጪው 180,000 ብር ይከፍላል፤ 20,000 ብር በዩኒየኑ ላይ ይቀራል። ገጪው ግን ነፃ አልወጣም። 180,000ውን ለመድን ሰጪው፣ 20,000ውን ለዩኒየኑ ይከፍላል። ዩኒየኑ ከሁለቱም ሙሉውን መቀበል አይችልም፤ መድን ኪሣራ መተኪያ እንጂ ማትረፊያ አይደለምና።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። መድኑ ሳይከፈል ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የዩኒየኑ ኃላፊ 20,000 ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልጠይቅም» ብሎ ቢፈርም፣ መድን ሰጪው የሚተካበት መብት ይጠፋል። ቁጥር 683 በእንዲህ ዓይነት ጊዜ መድን ሰጪው በሙሉ ወይም በከፊል ከመክፈል ነፃ ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። በቅን ልቦና የተደረገ ይቅርታ የአባላትን 180,000 ብር ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ ርኅራኄ የለውም ማለት ግን አይደለም። ያው ቁጥር መድን ሰጪው የመድን ተጠቃሚውን ወላጆችና ልጆች፣ ሠራተኞችና አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች፣ ክፉ አሳብ ከሌላቸው በስተቀር፣ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለሆነም መኪናውን ሳያስብ የገለበጠ የዩኒየኑ ሾፌር በመድን ሰጪው አይከሰስም።

ሽምግልናችን ይቀጥል፤ ቂምና ደም የሚደርቀው በእርሱ ነው። ነገር ግን ከመፈረም በፊት ለመድን ሰጪው ይነገረው። የእርቁ ጽሑፍ ዩኒየኑ የሚተወው የራሱን ድርሻ ብቻ እንደሆነና የመድን ሰጪው መብት እንደተጠበቀ በግልጽ ይስፈር። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድም በቀጠሮ ብዛት ጊዜው እንዳያልፍ ይታሰብበት። የቅሬው መዋጮ የጎረቤት ላብ እንደነበረ ሁሉ የመድኑ አረቦንም የአባላት ላብ ነው። የራስን ይቅር ማለት ደግነት ነው፤ የጋራውን ይቅር ለማለት ግን አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።