ምልክቱ የማይነግረን ፍጥነት

ሚያዝያ 30 የወንጌላዊው ማርቆስ በዓል ነው። የቀድሞዋ መንቆረር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደብረ ማርቆስ የተባለችው በዚሁ ቅዱስ ስም በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ሌሊቱን የሚቆመውን ማኅሌት ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በስልኩ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከበሮው ሲፈጥን፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ። ቀረጻው የሚጀምረው ግን ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ሰዓት በቪዲዮው ውስጥ የለም።

ያ የተቆረጠው ሰዓት የዜማው ግማሽ አካል ነው። በአቋቋም ሥርዓት አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ዜማውን ተከትሎ በእርጋታ ይወዛወዛል። ከዚያ ከበሮው ይገባና በመረግድ ምቱ እየጠነከረ ይሄዳል። በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ዝማሜውን ያልሰማ ሰው በጽፋቱ ላይ ያለው ደስታ ከየት እንደመጣ አይገባውም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ መቋሚያ ብቻ ይቀራል። ፍጥነቱን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ጭምር ነው።

ቅኝቱም እንዲሁ ሥርዓት አለው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደነበረ ከሚነገርለት ከቅዱስ ያሬድ የወረዱት ዜማዎች ሦስት ናቸው። ግዕዝ ቀጥ ያለና ደረቅ ነው፤ ዕዝል ከበድና ረጋ ያለ ነው፤ አራራይ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ልብ የሚያራራ ነው። ትውፊቱ ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስላቸዋል።

ጎጃም በዚህ ላይ የጨመረችው ቃሉን ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የሚነሣው በቅኔ ነው። በማኅሌቱ መካከል ባለቅኔው አዲስ ግጥም ያቀርባል፤ ልኩና ዜማው ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዋዜማ 5 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ይህንን ዓይነት ትምህርት ነበር።

ሲምፎኒ የሚያዳምጥ ሰው ነገሩን በሌላ ስም ያውቀዋል። የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1813 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ታዳሚው ሁለተኛው ክፍል ይደገምልን አለ። ቅኝቱ ላ ማይነር ነው፤ ስሜቱ የኀዘን ጉዞ ይመስላል። ደራሲው በላዩ የጻፈው ግን አሌግሬቶ፣ ማለትም በመጠኑ ፈጠን ያለ፣ የሚል ነው። በ1817 ቁጥርም ሰጠው፦ በደቂቃ 76 ምት። እንዲያም ሆኖ ሥራውን በሸክላ ካስቀረጹት መሪዎች ብዙዎቹ ከዚያ ቁጥር ዘግየት አድርገው መርተውታል። ፍጥነት በቁጥር ተጽፎ እንኳ በሰው ልማድ ላይ የሚያድር ነገር ነው።

እኛ ዘንድስ ምን ተጽፏል? እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 በዘለቀው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ገዳማት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በድጓው ቃላት ላይ የዜማ ምልክት እንዳደረጉ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ያስታውሳሉ። የሚያስታውሱት ግን ቀድሞ ለሰማው ሰው ነው። የከበሮው ምት በድጓው ላይ የለም፤ የመቋሚያው ርምጃም የለም። እነሱን የኔታ በእጃቸው መትተው፣ በእግራቸው ረግጠው ያሳያሉ፤ ተማሪው አይቶ ይይዛል።

የተክሌ አቋቋም ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሣር አይተው ወደ ጎንና ጎን የሚሄድ አቋቋም እንዳመጡ፣ የጎንደር ሊቃውንትም እንዳልተቀበሏቸው በአፍ ይነገራል። አዲሱ ሥርዓት የዘለቀው ልጃቸው ተክሌ ተምሮ ስላስተማረው ነው፤ ስሙም በልጁ ተጠራ። አለቃ ብቻቸውን ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቀልዳቸው ብቻ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና መሣሪያ መንገድ ነው። የጎጃም ልጅ ድጓ ፍለጋ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፣ ለአቋቋም ጎንደር ይወጣል፤ የዚያ ማዶው ልጅ ደግሞ ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። ስንቁ አኩፋዳና «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው፤ ይህም የሚሠራው መንገደኛን የሚያሳድር መንደር ሲኖር፣ የማያውቁትን ልጅ የማይጠራጠር ሰው ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት የሚዘጋው የጭነት መኪናንና የአውቶቡስን መንገድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህንን ተጓዥ ረስቶታል።

ቀረጻ ይረዳል። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የዜማ ስብስብ ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ስልክ የያዘ ዲያቆንም ከፈለገ ሌሊቱን በሙሉ መቅረጽ ይችላል፤ ከቁም ጀምሮ፣ ሰው የማያጋራውን ረጅሙን ዝማሜ ጨምሮ ቢቀርጸው መልካም ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ግን ምልክቱን ሲጽፉ ከጦርነቱ የተረፉ፣ ዜማውን በልባቸው የያዙ ሰዎች ነበሯቸው። ተማሪው ከየኔታ ደጅ መድረስ ካልቻለ፣ በስልኩ የቀረው ሁለት ደቂቃ ጽፋት መነሻው የጠፋ መጨረሻ ይሆናል።