የልዑል ዓለማየሁ የመርከብ ጉዞ

ይህን ንግግር በራዲዮ የሰማችሁ ሰዎች አሁን በገዛ ዓይናችሁ ልታነቡት ነው። እስቲ ቀስ እያላችሁ ተከተሉን።

በመርከብ ላይ ስለሚሆን ምስጢር የሚተርኩ ልብ ወለዶች አሉ። መርከቧ ከወደብ ትነሣለች፤ መሐል ባሕር ላይ አንድ ሰው ይጠፋል፤ መርማሪውም «ማን አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛም አገር እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። የእኛ ግን እውነት ነው። የሚጀምረውም ከባሕር ሳይሆን ከመቅደላ አምባ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጠለ። መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ በሽሎን ተሻገረ። ሕፃኑንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅንም ይዟቸው ሄደ።

እቴጌይቱ ታመው ነበር። ባሕሩን ሳያዩ፣ ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ። ትግራይ ውስጥ በጨለቆት ተቀበሩ። በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ልጁ አባትም እናትም አጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂው ስፒዲ የሚባል መኮንን ሆነ። ይህ ሰው ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ የአገሬው ሰው «ባሻ ፈለቀ» የሚለው ነበር። ከልጁ ጋር ግን የአገሩም ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የንጉሡ ጸሐፊ የነበሩት አለቃ ዘነብ ናቸው።

ከዙላ ወደብ ፌሮዝ በምትባል መርከብ ወደ ስዊዝ ተጓዙ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1862 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ መርከብ በዚያ አያልፍም። መንገደኛ የግብፅን ምድር በባቡር አቋርጦ በማዶው ባሕር ሌላ መርከብ ይሳፈራል።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ከአገሩ ሰዎች ጋር የተነሣው ልጅ፣ ሐምሌ ወር ላይ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ከአጠገቡ አንድም የአገሩ ሰው አልነበረም። ታዲያ ወዴት ሄዱ? ማንስ ለያቸው? ሰዎቹ አልሞቱም፤ ባሕርም አልበላቸውም። ግብፅ ላይ ስፒዲ አሰናበታቸው። አለቃ ዘነብም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ አስቡት። በአለቃ ዘነብ ስም የሚታወቀው የቴዎድሮስ ታሪክ በአማርኛ የተጻፈ ነው። እኚህ ሰው ከልጁ ጋር ቢቆዩ ኖሮ ፊደል ያስቆጥሩት፣ ያየውንም ይጽፉለት ነበር። እርሳቸው ሲመለሱ ብዕሩም አብሮ ተመለሰ። ስለዚህ የዚያን ጉዞ ነገር በአብዛኛው የምንሰማው ከእንግሊዞች ጽሑፍ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ወደዱት፤ ትምህርት ቤትም ገባ። ነገር ግን አማርኛው እየጠፋበት ሄደ። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይልኩለት ነበር። የአያቱን ቃል በአያቱ ቋንቋ ማንበብ ላቃተው ልጅ ደብዳቤ ምን ያደርግለታል? በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ በሚባል ከተማ ሞተ። የተቀበረው በዊንድዘር ነው።

አጽሙ ለአገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ደጋግማ ጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት «የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳንነካ ማውጣት አይቻልም» የሚል መልስ ሰጠ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን ከስፒዲ ዘመዶች ዘንድ የተገኘ የልጁ ጠጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

አድማጮቻችን፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙ። ሰው ከአገሩ ሲወሰድ የሚያዝነው ቤተ ሰቡ ብቻ አይደለም፤ የሚጽፍለት ሲያጣ ታሪኩም በሰው እጅ ይገባል። እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። በቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ። የሚያውቀውን ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በራሳችሁ እጅ ጻፉት።