የሸዋ ሊቃውንት ወገኖችና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ሕዝብ የመረጠው ሸንጎ ባይኖርም፣ ሊቃውንት በነገሥታት ፊት የሚከራከሩበት ጉባኤ የሃይማኖት ወገኖች ኃይላቸውን የሚለኩበት ዋነኛ መድረክ ነበር። ወገኖቹ ሦስት ሲሆኑ፣ ካራ የተባሉት የክርስቶስን ሁለት ልደት ብቻ የሚያምኑ ተዋሕዶዎች፣ ቅባት የተባሉት በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን አጉልተው የሚያስተምሩ፣ ጸጋ የተባሉት ደግሞ በዚሁ መቀባት ሦስተኛ ልደት አለ የሚሉ ነበሩ። የጎጃም ሊቃውንት በብዛት ለቅባት ሲያደሉ፣ ሸዋ በደብረ ሊባኖስ መሪነት የጸጋ ምሽግ ሆና ቆየች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ይህንኑ ወገን በመደገፋቸው የካራን ትምህርት ከሚያስተምሩት ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተቃቃሩ። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ጉባኤ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡኑ ጋር ተስማምተው ካራን ብቸኛ ሃይማኖት ሲያደርጉ፣ የእምነቱ ክርክር የሥልጣን ጥያቄ መሆኑ በግልጽ ወጣ።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላ፣ የሸዋ ሊቃውንት የንጉሣቸውን ጥላ አጥተው ወደ ወሎ ቦሩ ሜዳ መጡ። በጉባኤው ሁለቱም ነገሥታት ተቀምጠው ክርክሩ ተደምጦ፣ ከእስክንድርያ ፓትርያርክ የመጣው ደብዳቤም ተነቦ ለካራ ተፈረደ፤ እምቢ ካሉት አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቆረጠ። ቅጣቱ ጭካኔ የተሞላበት ነበር፤ ሆኖም ለጸጋ ወገን መሸነፍ ከቅጣቱ ይልቅ የምኒልክ ድጋፍ መታጠፉ የበለጠ ወሳኝ ነበር። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ ታዘው፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ።