የጎነቆለ ዘርን በቤት ውስጥ ወደ ጠንካራ ችግኝ ማሳደግ

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ ጓሯቸውን ለአትክልት ያዋሉ ነዋሪዎችም ሆኑ በእንጦጦ ኮረብታዎች አካባቢ የሚያርሱ አርሶ አደሮች ዘር ማጎንቆል እምብዛም አያስቸግራቸውም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል ማብቀልን ያውቃል፤ ገብሱን ነክሮ፣ በቅጠል ሸፍኖ፣ ሙቀት ባለበት ጥግ ማሳደር የቆየ ሙያ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ዘርም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሞቅ ባለ ቦታ ቢቀመጥ በዚያው መንገድ ይጎነቁላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብቅል ሥር ካወጣ ደርቆ ይፈጫል፤ ለችግኝ የታሰበው ግን ከአፈር ብቅ ካለበት ሰዓት ጀምሮ በቂ ብርሃን ካላገኘ ይጠወልጋል። ያን ጊዜ የሚባክነው የዘር መግዣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመትከያው ወቅትም ጭምር ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከፍ ባሉ ቦታዎች ውርጭ ሊጥልም ይችላል። ቃሪያ ለመጎንቆል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይስማማዋል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን እጅግ ይዘገያል ወይም አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ጎመን ቅዝቃዜን ስለሚችል ይህን ሁሉ ድካም አይጠይቅም።

የጎነቆለው ዘር ሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደሆነ መተከል አለበት። ከቆየ ሥሩ ከጨርቁ ክር ጋር ይያያዛል፤ ሲላቀቅም ጫፉ ይሰበራል። ዘሩን በእርጥብ ስንጥር አንሥቶ፣ ሥሩን ወደ ታች አድርጎ፣ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መቅበር ይበቃል። ማሳደጊያው ከሥሩ የተበሳ የእርጎ ዕቃ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ሊሆን ይችላል።

አፈሩን በሚመለከት ለእንጦጦ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮረብታዎቹን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የሌሎች ዕፅዋትን ብቅለትና የሥር ዕድገት ሊገቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከሥሩ የተዛቀ አፈር ጥቁርና ለም ቢመስልም ለችግኝ አይመረጥም። በችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እና 1 እጅ አሸዋ ነው።

ቀጭን፣ ረጅምና የገረጣ ግንድ የብርሃን እጥረት ምልክት ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር አይፈውሰውም። የምሥራቅ መስኮት ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። የደቡብ መስኮት ከመስከረም እስከ መጋቢት ይመቻል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ግን የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ብርሃኑ ይቀንሳል። የክረምቱ ደመናም አለ። ዕቃውን በየቀኑ ማዞር ችግኙ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎብጥ ያደርጋል፤ ሌሊት ደግሞ ከቀዝቃዛው መስታወት ማራቅ ተገቢ ነው። ችግኙን በቀን አንድ ሁለት ጊዜ በመዳፍ ለስለስ አድርጎ መዳሰስ ግንዱን ያጠነክረዋል፤ ነፋስ በማይገባበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትናንት ቆሞ የነበረ ችግኝ ዛሬ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ከወደቀ፣ በእርጥብና በታፈነ አፈር የሚራቡት እንደ ፒቲየም ያሉ ተሕዋስያን አጥቅተውታል ማለት ነው። የወደቀው አይነሣም፤ የቀሩትን ለማትረፍ ግን መሸፈኛውን ማንሣት፣ አየር ማስገባትና ውኃ መቀነስ ያስፈልጋል። ውኃ የሚሰጠው የአፈሩ ገጽ ደረቅ ሲል፣ ጠዋት፣ ዕቃውን ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ቢሆን ይመረጣል።

ከ4 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠል ያወጣ ችግኝ ወደ መደብ ከመዛወሩ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን በጥላ ጀምሮ ከደጅ አየር ጋር ይለማመዳል፤ መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመረ። ግንዱ የረዘመ ቲማቲም እስከ የዘር ቅጠሎቹ ድረስ ጠልቆ ቢተከል ከግንዱ ሥር ስለሚያወጣ ይተርፋል። ቃሪያ ግን ይህን ያህል አያወጣም፤ በዕቃው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት መተከል አለበት።