የማረጋገጫው መርሕ በራሱ ሚዛን ሲመዘን

ውድ አንባቢ፣ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ሲሉ «ተሳስተዋል» ብሎ የሚከራከርዎ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር እንደ ተናገሩ ያምናል። ባለፈው ምዕተ ዓመት ግን ከዚህ የከበደ ክስ ተነሣ፦ እንዲህ ያለው አነጋገር እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ ጭራሽ ትርጕም የለውም የሚል።

ክሱ የተነሣው በቪየና ነው። በ1920ዎቹ በሞሪትዝ ሽሊክ ዙሪያ የተሰበሰቡ ምሁራን፣ ከእነርሱም ሩዶልፍ ካርናፕና ኦቶ ኖይራት፣ «የቪየና ክበብ» ተባሉ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ዓላማቸውን በጽሑፍ አወጁ። ትምህርታቸው ሎጂካል ፖዘቲቪዝም ይባላል። መርሓቸውም ይህ ነበር፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ትርጕም የሚኖረው፣ እንደ ሒሳብ ከቃላቱ ፍች ብቻ እውነትነቱ ሲታወቅ፣ ወይም በስሜት ሕዋሳት ሊረጋገጥ ሲችል ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኤየር በ1936፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ይህንኑ በመጽሐፍ አሰራጨ፤ ስለ እግዚአብሔር የሚነገረውንም ትርጕም አልባ አለ።

ይሁን እንጂ መርሑ ብዙ አልቆመም። በመጀመሪያ፣ መርሑ ራሱ የሒሳብ እውነት አይደለም፤ በዓይንም አይታይም። ስለዚህ በገዛ ሚዛኑ ቀለለ። ሁለተኛ፣ ካርል ፖፐር በ1934 እንዳሳየው፣ «ብረት ሁሉ ሲሞቅ ይሰፋል» የሚለውን ሕግ ስንት ብረት ብናሞቅ ፈጽሞ አናረጋግጠውም፤ አንድ ተቃራኒ ብረት ግን ያፈርሰዋል። መርሑ በጥብቅ ቢያዝ ከነገረ መለኮት ጋር የሳይንስን ሕግጋትም ይጥላል። ሦስተኛ፣ በ1951 ዊላርድ ኳይን የፒየር ዱኤምን አሳብ አስፍቶ፣ ዐረፍተ ነገሮች በፈተና ፊት የሚቆሙት በየግላቸው ሳይሆን ተያይዘው ነው አለ። ኤየር ራሱ በኋላ ዘመኑ ትምህርቱ በአብዛኛው ስሕተት እንደ ነበር በግልጽ ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ለማጨብጨብ አይቸኩሉ። የከሳሹ ክስ መውደቁ የእኛን ምስክርነት እውነት አያደርገውም፤ የመሰማት መብቱን ብቻ ይመልስለታል። አንቶኒ ፍሉ በ1950 ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ይጠብቀናል፦ ምን ቢሆን ነው እምነታችሁ ሐሰት መሆኑን የምትቀበሉት? ለዚህ «ምንም» ብለን ከመለስን፣ ምንም እንዳልተናገርን ያህል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን እንዲህ አልሸሸም፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው ብሎ፣ እምነቱን በአንድ በተፈጸመ ነገር ላይ አቆመ። እኛስ በዚያው ድፍረት እናስተምራለን ወይስ ማንም በማይደርስበት ስፍራ ተሸሽገናል?