«እኛ እኮ እንተማመናለን»

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ኤምአይቲ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር ይጋራል፤ ሲስተሙ ሲቲኤስኤስ ይባላል። በአንድ ፎልደር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ለአስተዳዳሪዎቹ ግን ሕጉ ላላ። ኤዲተሩ ደግሞ ጊዜያዊ ፋይሉን ሁሌ በአንድ ስም ያስቀምጣል። አንዱ የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል ሲያርሙ ሁለቱ ተቀያየሩ። የገባ ሁሉ የሰዉን ይለፍ ቃል አነበበ። ሀከር አልነበረም።

አሶሳ የማውቀው አንድ ቢሮ የተፈናቃዮችን ስም ዝርዝር የያዘው ፎልደር ፈቃዱ 777 ነው፦ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ይገባል፣ ፋይል ይጨምራል፣ ይሰርዛል። «እኛ እኮ እንተማመናለን» አሉኝ። 1770 ቢሆን የቡድኑ አባላት ብቻ ይገባሉ፣ አንዱም የሌላውን ፋይል አይሰርዝም። ፈቃድ መገደብ ባልደረባን መጠርጠር አይደለም፤ ስሙ እዛ የተጻፈውን ሰው መጠበቅ ነው።